አዲስ የዘራችሁትን የከብት ሳር ከተባይና ከበሽታ ለማዳን የቱ መንገድ ያዋጣል? (ለጅማና አካባቢዋ)

ሳር ዘርቶ የተበላበት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምን ልርጭበት?" ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፣ ግን ዘግይቷል። ችግኝ ላይ መድኃኒት መርጨት ካሉት አማራጮች ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው፣ ዋና ዋናዎቹ ምርጫዎች ዘሩ መሬት ሳይነካ ያልቃሉ፦ በዘር ነው በስር ግንጣይ (ከነስሩ ተገንጥሎ በሚተከል ሳር)፣ በግንቦት ነው በሐምሌ፣ ከሳር አይነቶቹ ሮደስ ነው ደሾ ነው ብራካሪያ፣ ማሳው ታርሶ ስንት ሳምንት ባዶውን ከረመ። እነዚህ ላይ ቀድሞ ያሰበ ሰው ፓምፕ ሳይሸከም ሊወጣው ይችላል፣ ያላሰበ ደግሞ ደጋግሞ ረጭቶም ባዶ መሬት ሊቀርለት ይችላል። እዚህ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፣ የኔንም ምርጫ አልደብቅም።

ለምን ችግኝ ላይ እንደማተኩር ላስረዳ። የቆየ ሳር ተምች ቢግጠው እንኳ ስሩ ላይ ያጠራቀመው ጉልበት ስላለ ዝናብ ካገኘ መልሶ ያቆጠቁጣል። ሁለት ሶስት ቅጠል ያወጣ ችግኝ ግን ስንቅ የለውም፣ አንዴ ከስሩ ከተቆረጠ በቃ። ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚወሰነው ከበቀለ በኋላ ባሉት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ውስጥ ነው፣ ከዛ በኋላ ሳሩ ራሱ ይከላከላል ማለት ይቻላል።

በዘር ወይስ በግንጣይ?

እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ምርጫ ይሄ ነው፣ ሰው ግን እንደ ተባይ ጉዳይ አያየውም። የሮደስ ዘር በጣም ደቃቅና ቀላል ነው፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተቀበረ ለመውጣት ይቸገራል፣ ስለዚህ መሬቱ ላይ ተበትኖ ትንሽ አፈር ብቻ ነው የሚለብሰው። ይሄ ማለት ደግሞ ለጉንዳን፣ ለወፍና ለጎረቤት ዶሮ የተዘጋጀ ማዕድ ነው። ከተረፈም በኋላ ክር የምታህል ችግኝ ናት፣ ቆራጭ ትል በአንድ ሌሊት ብዙዋን ያጋድማል።

ግንጣይ ሌላ ነገር ነው። ደሾ፣ ያው የጋሞ ደጋ የጨንቻ ሳር፣ ዘር እምብዛም ስለማይሰጥ የሚተከለው በስር ግንጣይ ነው። ግንጣዩ የራሱ ስርና የራሱ ስንቅ ይዞ ስለሚመጣ ጉንዳን የሚለቅመው ዘር የለም፣ ትል ቅጠሉን ቢበላው ከታች ሌላ ያወጣል፣ ችግኝ የሚያበሰብሰው በሽታም ብዙ አያገኘውም። ጉዳቱስ? ድካሙ ነው። በመስመር መሀል ግማሽ ሜትር እያረጋችሁ አንድ ጥማድ መሬት ለመሸፈን የሚያስፈልገው ግንጣይ ብዙ ነው፣ ማጓጓዝ አለ፣ ጉልበት አለ፣ በዛ ላይ ከታመመ ማሳ ካመጣችሁት በሽታውንም በእጃችሁ ነው ይዛችሁት የመጣችሁት። ዘር በከረጢት ትይዙታላችሁ፣ ሄክታሩን ከ10 ኪሎ ብዙም ሳይበልጥ ይሸፍናል።

ስለዚህ ጓሮ ላይ፣ የቡና ዳር ላይ፣ እርከን ላይ ለሁለት ለሶስት ላም የሚሆን ሳር የምትፈልጉ ከሆነ ሳታመነቱ ደሾ በግንጣይ። ሰፋ ያለ መሬት ያለው፣ ድርቆሽ ማጨድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሮደስ በዘር፣ ግን ከታች ያለውን ሁሉ ለማድረግ ከወሰነ ብቻ። መሀል ላይ ሆኖ "ዘሩን በትኜ የሚሆነውን አያለሁ" የሚለው መንገድ አያዋጣም።

የቱ ሳር ለኛ አፈር?

ጅማ ከተማ ከባህር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማና ከዛ በላይ ነው የተቀመጠችው፣ ዝናቡ በአመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ አፈሩ ቀይና ጥልቅ ነው ግን ብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። ይሄ አሲድ ከተባይ ምን አገናኘው ካላችሁ፣ በጣም ያገናኘዋል። ሮደስ ጠንከር ያለ አሲድ አይወድም፣ ስሩ ይቀጭጫል፣ ችግኙ ቢጫ ሆኖ ቆሞ ይቀራል፣ ያ የቆመ ችግኝ ደግሞ ያንን አደገኛ ስድስት ሳምንት ወደ አስርና አስራ ሁለት ይጎትተዋል። ብዙ ሰው "ሳሬ ታመመ" ብሎ ፎቶ የሚያሳየው አፈሩ የታመመበትን ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ማሳው በሙሉ አንድ አይነት ቢጫ ከሆነ አፈሩን ጠርጥሩ፣ እዚህም እዚያም ክብ ክብ ሰርቶ እየሰፋ ከሄደ በሽታ ነው፣ ከዳር ጀምሮ ወደ ውስጥ እየተላጨ ከገባ ነፍሳት ነው።

አሲድ በበዛበት ቦታ ኖራ አድርጋችሁ ሮደስ መዝራት አንድ አማራጭ ነው፣ ሌላው ብራካሪያ ነው። ሙላቶ ሁለት የሚባለው ዝርያ አሲዳማ አፈር በደንብ ይችላል፣ ከያዘ በኋላ መሬቱን ጥቅጥቅ አድርጎ ይሸፍናል። በቆሎ የምታመርቱ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፣ ኬንያ ያለው ኢሲፔ የሚባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ብራካሪያን በማሳው ዙሪያ ዴስሞዲየም የሚባለውን የመኖ ተክል ደግሞ በበቆሎው መሀል በመትከል አገዳ ቆርቁርን የሚከላከል ዘዴ ለገበሬ አስለምዷል፣ የእሳት ራቷ በቆሎውን ትታ ብራካሪያው ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፣ የሚፈለፈለው ትል ግን እዛ ላይ ብዙም አያድግም። ሳሩ ለከብት፣ ዴስሞዲየሙም ለከብት፣ በቆሎው ለቤት። ጉዳቱ ዘሩ ውድ ነው፣ ሁሌም አይገኝም፣ በበጋ ደግሞ ቀይ ሸረሪት ሊያስቸግረው ይችላል። ግን ብራካሪያም በግንጣይ ይባዛል፣ ስለዚህ ትንሽ ዘር ገዝቶ አንድ መደብ ላይ አሳድጎ ከዛ እየገነጠሉ ማስፋት ኪስ አይጎዳም።

ዝሆኔ ሳር? ምርቱ ብዙ ነው፣ ተባይ በቀላሉ አይጥለውም። እሱ ላይ የሚያሳስበኝ በሽታው ነው፣ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

መቼ ይዘራ?

እኛ ጋ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ ይመጣል ይሄዳል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጠነክራል፣ ጥቅምት ላይ ይለቃል። ሶስት ምርጫ አለ።

በሚያዝያ ቀድሞ መዝራት፦ ሳሩ ከክረምቱ በፊት ያድጋል፣ ከጎርፍ ያመልጣል። ግን ዝናቡ አስር ቀን ጠፍቶ ቢቀር ጉንዳን ዘሩን እየለቀመ ይወስደዋል፣ ምስጥም በደረቅ አፈር ነው የሚበረታው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የአፍሪካ ተምች ወረራ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቅ ወቅት በኋላ ዝናብ ሲጀምር ነው የሚነሳው። የእሳት ራቶቹ በንፋስ ከደቡብ ይመጣሉ፣ ዝናብ በጣለበት ይወርዳሉ፣ ለምለም ሳር ላይ ይፈለፈላሉ። እናንተ በዛው ሰሞን ለስላሳ ችግኝ አቅርባችሁ ጠበቃችኋቸው ማለት ነው።

በሐምሌ መዝራት፦ እርጥበት ሞልቷል ግን ይበዛል። ዘሩ በጎርፍ ታጥቦ ማሳው ግርጌ ይከማቻል፣ እዛ ላይ ተፋፍጎ ይበቅላል፣ ተፋፍጎ የበቀለ ችግኝ ደግሞ ውሃ የያዘ አፈር ላይ ከአፈሩ ጋር በሚነካካበት ቦታ ይቀልጥና ይወድቃል። ቦዬ አካባቢ እንዳለው አይነት ረግረግ ያለ መሬት ላይ በሐምሌ የሳር ዘር መበተን ገንዘብ መበተን ነው።

ሶስተኛው ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ፣ ዝናቡ መቆራረጥ ትቶ ከተረጋጋ በኋላ። እኔ ለዘር ይሄን እመርጣለሁ። ለግንጣይ ግን ሰኔ ሙሉውን፣ ውሃ በማይተኛበት መሬት ሐምሌም ይሆናል። እንደ ዴዶ ከፍ ባለውና ብርድ ባለበት ችግኙ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ እዛ ወደ ግንቦት መጠጋቱ ይሻላል።

መሬቱን ማዘጋጀት፣ ርካሹ መከላከያ

አሮጌ ግጦሽ ወይም አረም የበዛበት መሬት አርሳችሁ በሳምንቱ ከዘራችሁ በድሮው ሳር ስር የሚኖረውን የጢንዚዛ ትልና ቆራጭ ትል ምግቡን ቀምታችሁ አዲስ ምግብ ሰጣችሁት ማለት ነው። ትሉ የትም አልሄደም፣ አፈር ውስጥ ተቀምጦ እየጠበቀ ነው። ከመዝራታችሁ ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ እረሱ፣ የድሮው ሳር ስር ይድረቅ፣ ከዛ ድገሙት። ሲታረስ ዶሮና ወፍ የሚወጣውን ትል ሲለቅም አታባርሩት (ከተዘራ በኋላ ግን ያው ዶሮ ጠላት ነው፣ አጥር)። ባዶ መሬት ላይ ጥቂት ሳምንት የሚበላ ያጣ ትል ይቀንሳል፣ በመሀል የበቀለውን አረም በጥልቀት ሳትቆፍሩ ትመቱታላችሁ፣ ሁለት ጥቅም።

ከዛ ጓሉን መከስከስ። ጓል ስር ነው ቆራጭ ትል ቀን የሚደበቀው። ዘሩን ከደቃቅ አሸዋ ወይም ከወንፊት አፈር ጋር ቀላቅሎ መበተን እኩል እንዲሰራጭ ይረዳል፣ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ መጎተት አፈር ያለብሰዋል፣ በእግር ረገጥ ረገጥ ማድረግ ደግሞ ዘሩን ከአፈር ያጣብቀዋል፣ ቶሎ የበቀለ ዘር ጉንዳን የማይወስደው ዘር ነው። ኤን ፒ ኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ ሲዘራ ጨመር ማድረግ ስር ያጠነክራል። ዩሪያን ግን ችግኝ ላይ አታብዙት፣ በእርጥብ ወቅት የወፈረ ለስላሳ ቅጠል የበሽታ ግብዣ ነው።

ዘሩን በመድኃኒት ማሸት ወይስ እንዲሁ?

አፕሮን ስታር አይነት ዘር ላይ የሚታሸው መድኃኒት ነፍሳት የሚገድልም ፈንገስ የሚከላከልም በአንድ ላይ አለው፣ ለእህል ዘር የለመድነው ነው። ጥቅሙ መድኃኒቱ እዛው ዘሩ ላይ ስለሚቀር እንደ ርጭት ማሳውን በሙሉ አያዳርስም። ለሮደስ ዘር ግን አንድ ችግር አለበት፣ ዘሩ ጸጉራማና ቀላል ስለሆነ እኩል ማሸት ያስቸግራል፣ ደረቅ ዱቄት ሲሆን ደግሞ ግማሹ አየር ላይ ነው፣ የሚያሸው ሰው ሳንባ ውስጥም ይገባል። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ የሌለው ሰው ባይጀምረው ይሻላል። የታሸ ዘር ደግሞ ለዶሮም ለሰውም አይመለስም፣ የተረፈውን "ለዶሮ ልስጠው" የሚባል ነገር የለም።

አመድስ? አመድ መቀላቀል ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ጉንዳን ለጥቂት ቀን ሊያዘገይ ይችላል፣ ዝናብ ሲመታው ግን ታጥቦ ይሄዳል። አይጎዳም፣ በሱ ብቻ ግን አልተማመንም። የእንዶድና የግራዋ ጭማቂም እንደዛው፣ የሚምሉበት ሽማግሌዎች አሉ፣ እኔ ጓሮ መደብ ላይ ቢሞከር አልቃወምም፣ ለሄክታር ግን አልመክርም።

ከሁለቱም በፊት ግን ዘሩ ራሱ ይበቅላል ወይ? 100 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጡ፣ በሳምንት በአስር ቀን ስንቱ እንደበቀለ እዩ። አዲስ የታጨደ የሮደስ ዘር ጥቂት ወራት ካልቆየ በደንብ አይበቅልም፣ ስለዚህ "ጉንዳን በላው" ከሚባለው ዘር ብዙው መጀመሪያውኑ ያልበቀለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ተምች

እዚህ ላይ ሁለቱን መለየት ግድ ነው ምክንያቱም እርምጃው ይለያያል። የአፍሪካ ተምች ጥንትም የምናውቀው ነው፣ ሳርና የእህል ሰብል ብቻ ነው የሚበላው፣ ሲበዛ ጥቁር ሆኖ በመንጋ ይጓዛል። መጤው የአሜሪካ ተምች ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ በኩል አገራችን ውስጥ የታየው ነው፣ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ዋይ የሚመስል ነጭ መስመር፣ ጭራው አጠገብ አራት ነጥብ በካሬ ተደርድሮ ታዩበታላችሁ፣ በቆሎን ይመርጣል እንጂ ሳርም ይበላል። ስለዚህ ሳሩን በበቆሎ ስር መዝራት ወይስ ለብቻው የሚለው ጥያቄ እዚህ ጋ ይመጣል። በበቆሎ ስር ስትዘሩ መሬት ትቆጥባላችሁ፣ ጥላው ችግኙን ከፀሀይ ያድናል፣ መጤው ተምችም በቆሎው ላይ ይጠመዳል፣ ግን በቆሎው ላይ የምትረጩት መድኃኒት ሳሩ ላይ ነው የሚንጠባጠበው። በቆሎውን በእጅ እየለቀማችሁ የምትከላከሉ ከሆነ ጥሩ ነው፣ የምትረጩ ከሆነ ሳሩን ለብቻው።

በእጅ መልቀም፣ መርጨት፣ መተው፣ ሶስቱም ቦታ ቦታ አላቸው። ትንሽ ማሳ ከሆነ ማታ በባትሪ ወይም ጠዋት በማለዳ ወጥቶ መልቀምና እንቁላሉን መጨፍለቅ በቂ ነው። ትል ብዙ ጊዜ ቀን ይደበቃል፣ በቀትር አይቶ "የለም" ማለት ራስን ማታለል ነው። ሰፊ ማሳ ላይ ደግሞ ዋናው ጥያቄ የትሉ እድሜ ነው። ትሉ ትንሽ እያለ የሚበላው እዚህ ግባ አይባልም፣ ከሚበላው ውስጥ ብዙውን የሚበላው መጨረሻ ላይ በወፈረበት ጥቂት ቀን ነው፣ ስለዚህ ቀጭን አረንጓዴ እያለ ካገኛችሁት ርጭት ይጠቅማል። 3 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ግን በቅርቡ አፈር ገብቶ ሙሽሬ ሊሆን ነው፣ ያኔ መርጨት ለመድኃኒት ሻጭ ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም። ሳሩ ስድስት ሳምንት አልፎት ስር የሰደደ ከሆነ ደግሞ እኔ እተወዋለሁ፣ ይመለሳል። በመንጋ ከጎረቤት እየተጓዘ ሲመጣ ካያችሁ ከማሳው ዳር ቦይ መቆፈር ይረዳል፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ከሆነ ይወድቅና ይከማቻል። ለቀበሌው ዲኤ (የልማት ሰራተኛ) ወዲያው ንገሩ፣ ወረራ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም።

አንድ ሰው የማይነግራችሁ ነገር፦ ተምች ያለፈበት ግጦሽ ላይ ከብት ወዲያው አትልቀቁ። ኬንያን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች ተምች በልቶት እንደገና ያቆጠቆጠ ሳር ከብት መርዞ ያውቃል።

ምስጥ

የወለጋን ያህል ባይሆንም ቆላማ ወረዳዎቻችን ላይ አለ። ኩይሳውን ቆፍሮ ንግስቲቱን ማውጣት አድካሚ ነው ግን ከተሳካ ለረጅም ጊዜ ነው። መሬቱን ባዶ አለማድረግ ሌላው ነው፣ የሚበላው ደረቅ ገለባና ጉቶ ያገኘ ምስጥ ለምለም ችግኝ ብዙም አይነካም። ክሎርፓይሪፎስ የሚባለውን የነፍሳት መድኃኒት ብዙ ሱቅ ሊሸጥላችሁ ይሞክራል፣ ግን ቶሎ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚመለከተው የስቶክሆልም ስምምነት ጉባኤ በ2017 ዓ.ም. ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በስተቀር ከዓለም እንዲወገድ ወስኖበታል፣ ለከብት ሳር ባይነካ ይመረጣል።

መርጨት ግድ ከሆነ የትኛውን?

የኔ መስፈርት ሁለት ነው፣ ወተትና ንብ። ሳሩ ወደ ላም፣ ከላሟ ወደ ልጅ ነው የሚሄደው። የጅማ ማር ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው ነው፣ ከእናንተ ማሳ ጥቂት ርቀት ላይ የማን ቀፎ ዛፍ ላይ እንደተሰቀለ አታውቁም። ሳሩ ባያብብም መሀሉ ላይ ያለው አረም ያብባል። ካራቴ ትልን ቶሎ ይጥላል፣ ርካሽም ነው፣ ንብን ግን ክፉኛ ይፈጃል፣ የትሉንም የተፈጥሮ ጠላቶች አብሮ ይጨርሳል። ኮራጅን አይነቱ ትል ላይ ያነጣጠረ ነው፣ ለንብ በጣም ይሻላል፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ቢቲ (ከባክቴሪያ የሚሰራ መድኃኒት) እና ኒም (ከኒም ዛፍ የሚሰራ) ካገኛችሁ ትንንሽ ትል ላይ ይሰራሉ፣ ትልልቁ ላይ አትድከሙ። ማላታይን? ንብ ይገድላል፣ ተምች ላይም ከነዚህ የተሻለ አይደለም፣ ሰው የሚገዛው ስሙን ስለለመደ ነው።

የትኛውንም ብትገዙ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ አትግዙ። ሌብል ከሌለው ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚበጠበጥ፣ ከብት ከስንት ቀን በኋላ እንደሚበላው አታውቁም። ሌብሉ ላይ ስለ ግጦሽ ወይም ስለ መኖ ምንም ካልተጻፈ ያንን ሳር በዚህኛው እድገቱ ለወተት ላም አትስጡት። ርጭቱን ወደ ማታ አድርጉት፣ ንብ ስትገባ ትሉም ሲወጣ ነው፣ ባለቀፎውንም ቀድማችሁ ንገሩት። ግራ ከገባችሁ 8028 ለአርሶ አደር የተዘጋጀ ነጻ የስልክ መስመር ነው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም መረጃ ይሰጣል፣ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልና የዩኒቨርሲቲው የግብርና ኮሌጅም ቅርባችን ናቸው፣ የታመመ ቅጠል ይዛችሁ ሂዱና ጠይቁ።

በሽታ

ችግኝ ማበስበስን ከላይ ነካክቼዋለሁ፣ መፍትሄው ዘር አለማብዛትና ውሃ ማንጣፈፍ ነው፣ ከጀመረ በኋላ በመርጨት የዳነ ማሳ ብዙም አላየሁም። ዋግና የቅጠል ነጠብጣብ ሲመጣ ደግሞ ከፈንገስ መድኃኒት ይልቅ ማጭዱ ይሻላል፣ ሳሩ ስር ከያዘ በኋላ ቀደም ብሎ ማጨድ የታመመውን ቅጠል ያወጣዋል፣ አየር ያስገባል፣ ከብቱም ይበላዋል። ጠል ሳይደርቅ ግን በማሳው አትመላለሱ፣ በሽታውን በልብሳችሁ ነው የምታዞሩት።

ዝሆኔ ሳር ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። የሚያቀጭጨው በሽታ ምዕራብ ኬንያ ላይ ወተት አምራቾችን ያማረረ ነው፣ እኛም አገር ተገኝቷል። ሳሩ ከታጨደ በኋላ ሲያቆጠቁጥ አጭር፣ ቢጫ፣ ቁጥቋጦ የመሰለ ሆኖ ይቀራል፣ እየቆየ ይሞታል። ቅጠል ላይ የምትዘል ትንሽ ነፍሳትና የታመመ ቁራጭ ናቸው የሚያስተላልፉት፣ መድኃኒት የለውም። መንቀልና ማቃጠል ብቻ። ችግሩ ደግሞ ገና ያልታጨደ ሳር ላይ ምልክቱ ላይታይ ይችላል፣ ስለዚህ ቁራጭ ስትወስዱ ቢያንስ አንዴ ሁለቴ ታጭዶ በደንብ ካቆጠቆጠ ማሳ ውሰዱ፣ ጎረቤት "ውሰድ ነጻ ነው" ቢላችሁም መጀመሪያ ማሳውን ዞራችሁ እዩት፣ ማጭዳችሁንም ከሌላ ሰው ማሳ ስትመለሱ እጠቡት።